የአዲስ አበባ ሕዝብ ወደ ከተማ ዳር መውጣት፤ ጥቅሙና ጉዳቱ በታሪክ ሚዛን

መግቢያ

ታላላቅ ከተሞች እየሰፉ በሄዱ ቍጥር በነዋሪዎቻቸው ፊት አንድ ጥያቄ ይደቀናል። ይኸውም በመካከል ከተማ በጥበት መኖር ይሻላል ወይስ ወደ ዳር ወጥቶ በሰፊ ቦታና በንጹሕ አየር መኖር ይሻላል የሚል ነው። ይህ ጥያቄ በብዙ አገር የየቤተ ሰቡ ምክር ሆኖ ሲቀር፣ በአዲስ አበባ ግን ከዚያ አልፎ የከተማይቱ ታሪክ ዋና ክፍል ሆኗል። ከተማይቱ ከተቈረቈረችበት ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ሕዝቧ አንዳንዱ በፈቃዱ፣ አንዳንዱም በትእዛዝ ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲዛወር ኖሯል።

ስለዚህ ጉዳይ በየቤቱ የሚሰማው ክርክር ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ወገን ዳር የወጣ ሰው የራሱ ቤት፣ የራሱ ውሃና የራሱ መጸዳጃ አግኝቷል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ዳር የወጣ ሰው ጎረቤቱን፣ ዕድሩንና እንጀራውን አጥቷል ይላል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ ነገር ግን ሁለቱም የሚመዝኑት የዕለቱን ብቻ ነው። ነገሩ በታሪክ ሲመረመር ጥቅሙና ጉዳቱ በአንድ ጊዜ የሚደርሱ አለመሆናቸው ይታያል። ቤቱ አስቀድሞ ይሠራል፤ መንገዱ፣ ገበያው፣ ትምህርት ቤቱና ጉርብትናው ግን ለዓመታት ወደ ኋላ ይቀራሉ። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ በመካከሉ ያለውን የዓመታት ዕዳ የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ መለየት ነው።

ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃ

አዲስ አበባ ራሷ የተወለደችው ከአንድ ከተማ ወጥቶ ወደ ሌላ ስፍራ በመውረድ ነው። ንጉሥ ምኒልክ አስቀድሞ ከተማቸውን ያደረጉት በእንጦጦ ተራራ ላይ ነበር። ተራራው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ስለ ሆነ ለጦር መከላከያ የሚመች ነበር፤ ለኑሮ ግን ብርዱና ነፋሱ የበረታበት፣ ውሃና ማገዶም የሚቸግርበት ስፍራ ነው። በ1879 ዓ.ም. በኅዳር ወር ንጉሡ ወደ ሐረር ሲዘምቱ፣ በኋላ እቴጌ የተባሉት ጣይቱ ብጡል በፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም ቀስ በቀስ ከተራራው እየወረዱ በሜዳውና በጕብታው ላይ ሰፈሩ።

ስፍራው ባዶ እንዳልነበረ መዘንጋት አይገባም። ፍል ውሃው ያለበትን አካባቢ የቱለማ ኦሮሞዎች ፊንፊኔ ይሉት ነበር፤ ጉለሌ፣ የካና ገላን የሚባሉት ስሞችም በዚያ ይኖሩ ከነበሩት ጎሣዎች የተወረሱ ናቸው። ስለዚህ ለአዲሱ ሰፋሪ ዳር የሆነው ስፍራ ለሌላው ሰው መካከልና አገር ነበር። ይህ ነገር ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ እስከ ዛሬ ድረስ ከከተማይቱ መስፋት ጋር አብሮ የሚሄድ ስለ ሆነ ወደ ፊት እንደ ገና ይነሣል።

ሰፈር የሚለው ቃል ሰፈረ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን የጦር ማረፊያን ያመለክታል። የቀድሞይቱ አዲስ አበባ አሠራርም የጦር ሰፈር አሠራር ነበር። ከፍ ባለው ጕብታ ላይ መኰንኑ ግቢውን ይሠራል፤ በዙሪያውና በሥሩ ወታደሩ፣ ባለሟሉና አገልጋዩ ጎጆውን ይቀልሳል። ራስ መኰንን ሰፈር፣ ራስ ተሰማ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚህ አሠራር ምስክሮች ናቸው። ከሰፈር ሰፈር ወንዝና ባዶ ሜዳ ስለሚለያየው፣ በክረምት ቀበናና ግንፍሌ ሲሞሉ መሻገር የሚያስቸግርበት ጊዜ ብዙ ነበር።

ከዚህ አሠራር ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው፣ ከተማይቱ በመጀመሪያ ዘመንዋ ከግቢውና ከዐራዳው ገበያ በቀር መካከል አልነበራትም፤ ሁሉም ሰፈር እንደ ዳር ነበር ማለት ይቻላል። ሁለተኛውና የበለጠው፣ ባለ ጠጋና ድኻ በአንድ ሰፈር ተቀላቅለው ይኖሩ ነበር። ግንኙነታቸው የጌታና የሎሌ ግንኙነት እንደ ሆነ ባይካድም፣ የድኻው እንጀራ ከደጁ አጠገብ ነበር። ይህ መቀላቀል ከዚያ በኋላ በመጡት ዘመናት ሁሉ የአዲስ አበባ ሰፈሮች መታወቂያ ሆኖ ቈይቷል።

ከተማይቱ ራሷ ሳትቀር ልትለቀቅ የተቃረበችበት ጊዜም አለ። ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እያለቀ ስለ ሄደ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዋናውን ከተማ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ሥራ ተጀምሮ ነበር። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አገር የገባው የባሕር ዛፍ ፈጥኖ ስላደገ ሐሳቡ ቀረ። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ከተማይቱ ከስፍራዋ የማትነቃነቅ መሆንዋ ተረጋገጠ። ከዚያ በኋላ የሚያከራክረው ከተማይቱ ትዛወር የሚለው ሳይሆን ሕዝቡ በውስጥዋና በዳርዋ እንዴት ይደልደል የሚለው ሆነ።

የጠላት ዘመን ድልድልና የእንግሊዙ መሐንዲስ ዕቅድ

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ በቈየው የጠላት ዘመን የኢጣሊያ መንግሥት ለከተማይቱ አዲስ ድልድል አወጣ። የድልድሉ መሠረት ነጩን ከጥቁሩ መለየት ነበር። ገበያው ከዐራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ ተወሰደ፤ የአገሩ ተወላጅም ወደዚያው ወደ አዲስ ከተማ እንዲሰፍር ታዘዘ። ለኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ከተሠራውም ቤት ካዛንቺስ የሚባለው ሰፈር ስሙን አገኘ። በአዲስ አበባ ታሪክ ሕዝብ በሰፊ ዕቅድና በትእዛዝ ወደ ዳር ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው መሆኑ ነው።

የድልድሉ አሳብ ከጠላት ጋር ቢወድቅም ገበያው በሄደበት ቀረ። መርካቶም ዳር የነበረው ቀርቶ የመላው ኢትዮጵያ ንግድ ልብ ሆነ። እንዲሁም የአየር ማረፊያው በ1950ዎቹ ዓመታት ከልደታ ወደ ቦሌ ከተዛወረ በኋላ፣ ሜዳና እርሻ የነበረው ቦሌ የባለ ጠጎችና የውጭ አገር እንግዶች መኖሪያ ለመሆን በቃ። በሁለቱም ስፍራ መንገዱና ሥራው ከቤቱ ጋር አብረው ወይም ቀድመው ስለ ደረሱ ዳርነቱ ብዙ አልቈየም።

በ1948 ዓ.ም. ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ለአዲስ አበባ አዲስ ዕቅድ አዘጋጀ። ይህ ሰው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1944 ዓ.ም. ለታላቂቱ ለንደን የወጣውን ዕቅድ የነደፈ ነው። የለንደኑ ዕቅድ ከተማይቱን በአረንጓዴ ቀበቶ ከብቦ፣ ትርፉን ሕዝብ ከቀበቶው ውጭ በሚሠሩ አዳዲስ ከተሞች ለማስፈር ያሰበ ነበር። የሐሳቡ ምንጭ ኤቤነዘር ሃዋርድ ነው። ሃዋርድ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1898 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ከተማን፣ ገጠርንና የሁለቱን ቅልቅል በሦስት ማግኔቶች መስሎ፣ የእያንዳንዱን ስበት፣ ጥቅሙንም ጉዳቱንም፣ ጎን ለጎን ጻፈ። ከተማ ሥራና ጨዋታ አለው፤ ጭስና ውድ ኪራይም አለው። ገጠር አየርና ብርሃን አለው፤ ሥራና ጓደኛ ግን ያጥራል። የሁለቱን በጎ ነገር የሚያጣምረው አዲሱ ከተማ ሥራውን ከመኖሪያው አጠገብ የያዘ ሲሆን ብቻ እንደ ሆነ ሃዋርድ አስረግጦ ተናግሯል።

አበርክሮምቢ ለአዲስ አበባም በዙሪያዋ ታናናሽ ከተሞች እንዲቈረቈሩ ዐስቦ ነበር፤ ከእርሱም በኋላ በ1951 ዓ.ም. ቦልተን ሄኔሲ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ዕቅዱን አሻሽሎ አቀረበ። ሆኖም ዕቅዱ በሙሉ አልተፈጸመም። ከዕቅዱ የቀረው ትዝታ ሕዝብን ወደ ዳር ማውጣት ይቻላል የሚለው ሲሆን፣ ሥራው አብሮ ይውጣ የሚለው ዋናው ክፍል ግን ተዘነጋ። ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ የታየው ችግር ሥሩ ከዚህ ይጀምራል።

ሕዝቡን በመካከል ያቈየው አዋጅ

በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ሕዝብ ከ440,000 የሚበልጥ ነበር። በ1976 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ 1.4 ሚሊዮን፣ በ1987 ዓ.ም. 2.1 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሕዝቡ በዚህ ፍጥነት ሲጨምር አብዛኛው ድኻ በመካከል ከተማ የቀረበት ምክንያት ምንድር ነው ቢባል፣ መልሱ ከሁሉ አስቀድሞ የ1967ቱ አዋጅ ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተ ሰብ ለመኖሪያ ቤት እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ተፈቀደ፤ አነስተኛው ኪራይ ተቀነሰ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። የቀበሌ ቤት የሚለው ስም የተወለደው ያን ጊዜ ነው።

አዋጁ ለድኻው ያስገኘው ጥቅም ታላቅ ነበር። በዐራት ኪሎ፣ በፒያሳ፣ በልደታና በካዛንቺስ የሚኖረው ሰው በጥቂት ብር ኪራይ በከተማይቱ እምብርት ላይ ተቀመጠ፤ ልጁ በእግሩ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ሚስቱ በደጇ እንጀራ ወይም ጠላ ትሸጣለች። ጉዳቱም ቀላል አልነበረም። ኪራዩ ለጥገና የሚበቃ ስላልነበረ ጭቃ ቤቱ እየዘመመ፣ ጣሪያው እየዛገ ሄደ። በአንድ ግቢ ብዙ ቤተ ሰብ በአንድ መጸዳጃና በአንድ የውሃ ቧንቧ ይጠቀማል፤ ልጅ ሲያገባ በአባቱ ቤት ጎን ጓዳ ይቀጥላል። ስለዚህ የመካከል ከተማ ኑሮ ቅርበትንና ጥበትን፣ ደስታንና ጉስቍልናን በአንድ ላይ የያዘ ሆነ። በኋላ ዳር የወጡት ሰዎች ሁለቱንም ያስታውሳሉ፤ የመካከሉን ኑሮ ሁሉ መልካም አድርጎ መተረክ ለታሪክ እውነት አይስማማም።

የጋራ መኖሪያ ቤትና ዕጣው

በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ ለሙከራ ከተሠሩት ቤቶች በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. ታላቁ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ ተጀመረ። ሕዝቡ ይህን ቤት ኮንዶሚኒየም ይለዋል። በዚያው ዓመት ለምዝገባ የቀረበው ሰው ከ450,000 በላይ ነበር፤ በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ሁለተኛ ምዝገባም ብዙ መቶ ሺህ ሰው ተመዘገበ። እንደ ገንዘብ አቅሙ በ10/90፣ በ20/80 ወይም በ40/60 የተመዘገበው ሰው የመጀመሪያውን ቍጥር ያህል ከመቶ ራሱ ይቈጥባል፤ የቀረውን ከባንክ ተበድሮ በየወሩ ይከፍላል። ቤቱ የሚደርሰው በዕጣ ሲሆን ከዕጣው 30 ከመቶ ለሴቶች ተለይቶ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሕንፃዎች እንደ ጎተራና ልደታ ባሉ ቀረብ ያሉ ስፍራዎች ላይ ጭምር ቆሙ። ኋላ ግን ሰፊ ቦታ የሚገኘው በዳር ብቻ ስለ ሆነ ሥራው ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱና ወደ ኮዬ ፈጬ ወጣ። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ጕብታ ማለት ሲሆን ከመካከል ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዚህም ጎን ለጎን በመካከል ያሉት አሮጌ ሰፈሮች እየፈረሱ ሄዱ። የልደታና የዐራት ኪሎ ሰፈሮች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት፣ የፒያሳዎቹ ዶሮ ማነቂያና ሠራተኛ ሰፈር በ2016 ዓ.ም.፣ ካዛንቺስ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ተነሡ፤ ብዙው ነዋሪም ወደ ዳር ተወሰደ። እንግዲህ ዳር የሚኖረው ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በዕጣ ፈልጎ የወጣ፣ ሁለተኛው በልማት ተነሥ ተብሎ የወጣ ነው። የሁለቱ ሚዛን አንድ አይሆንም።

የመውጣት ጥቅም

የመጀመሪያው ጥቅም የቤት ባለቤትነት ነው። በቀበሌ ቤት ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው ለልጁ የሚያወርሰው ቤት አልነበረውም። ዕጣ የወጣለት ሰው ግን በስሙ የተመዘገበ፣ ቢያስፈልገው የሚያከራየው፣ ለልጁ የሚተወው ንብረት አገኘ። በተለይም ለብቻቸው ቤተ ሰብ ለሚያስተዳድሩ ሴቶች ይህ ታላቅ ለውጥ ነው፤ ባል ቢሞት ወይም ቢለይ ከቤት የማያስወጣ ሰነድ በእጃቸው ገብቷልና።

ሁለተኛው ጥቅም ንጽሕናና ገመና ነው። የራስ መጸዳጃና የራስ ወጥ ቤት መኖሩ፣ ልጆች ከፍሳሽ መራቃቸው፣ በሽተኛ ብቻውን የሚተኛበት ክፍል መገኘቱ ከቍጥር የማይገባ ነገር አይደለም። በጭቃ ግድግዳ ተለይቶ በኖረበት ዘመን የባልና የሚስት ጠብ ለግቢው ሁሉ ይሰማ ነበር። የግንቡ ቤት ገመናን ይሸፍናል፤ ብዙ ወጣት ባልና ሚስት ከመንገዱ ድካም ጋር ዳሩን የሚመርጡት ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ጥቅም ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ነው። ዕጣ ዘርና ሃይማኖት፣ አገርና ቋንቋ አይለይም። በአንድ ደረጃ ላይ የመርካቶ ነጋዴ፣ አስተማሪ፣ የመንግሥት ጸሐፊና ባልቴት ጎረቤት ይሆናሉ። የቀድሞው ሰፈር ሕዝቡን በአንድ መኰንን ዙሪያ እንዳቀላቀለ፣ ዕጣውም ያለ መኰንን አቀላቅሎታል። ይህ ግን ከመካከል ወደ ዳር የሚያዘነብለውን ሌላውን መለያየት፣ ይኸውም የመካከሉ ቦታ ለባለ ገንዘብ፣ ዳሩ ለድኻ መሆኑን፣ አይሽረውም።

የመውጣት ጉዳት

ከጉዳቱ ሁሉ ፊተኛው መንገድ ነው። ሥራው መካከል ከተማ የሆነ ሰው ሳይነጋ ተነሥቶ ለአውቶቡስ ወይም ለታክሲ ይሰለፋል፤ ሲመሽም እንደዚሁ ተሰልፎ ይመለሳል። ልጆቹን በብርሃን የሚያያቸው በእሑድ ነው። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው የከተማ ቀላል ባቡር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ስለ ተዘረጋ በመሥመሩ አጠገብ ላሉት እፎይታ ሰጠ፤ ታላላቆቹ አዳዲስ መንደሮች ግን ከመሥመሩ ጫፍ አልፈው የቆሙ ናቸው። ለመጓጓዣ የሚወጣው ገንዘብ ከባንክ ዕዳው ጋር ሲደመር፣ ቀድሞ በቀበሌ ቤት ኪራይ የተረፈው ሁሉ ያልቃል። ስለዚህ ዕጣ የወጣላቸው ብዙ ሰዎች አዲሱን ቤት ለሌላ አከራይተው ራሳቸው በርካሽ ጭቃ ቤት መኖርን መርጠዋል። እነዚህ ሰዎች ሒሳቡን በቃል ሳይሆን በሥራ አሳይተዋል፤ ቤቱን እንደ ንብረት ፈለጉት፣ ስፍራውን ግን እንደ ኑሮ አልፈለጉትም።

ሁለተኛው ጉዳት በደጅ ላይ የሚገኘው እንጀራ መቋረጡ ነው። ጉልት ቸርቻሪዋ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ጫማ ጠጋኙ፣ ተሸካሚው የሚኖሩት የሕዝብ ብዛትና ቅርበት ባለበት ነው። የሚያውቋቸው ደንበኞችና ዱቤ የሚሰጧቸው ባለ ሱቆች ሀብታቸው ናቸው። ለፈረሰው ቤት ምትክ ቤት ይሰጣል፤ ለፈረሰው ደንበኝነት ግን ምትክ በቀላሉ አይገኝም። በአምስተኛው ፎቅ ላይ ያለ መሰላል መኪና የሚኖር ሰው ቅጠልና እንጨት አንድዶ ጠላ ሊጠምቅ አይችልም። ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለበግ ማረጃና ለልብስ ማጠቢያ ተብለው ከየሕንፃው አጠገብ የተሠሩት የጋራ ቤቶች ይህን ጉድለት እንዲሞሉ ታስበው ነበር፤ ነገር ግን የቤት ውስጥ ሥራን እንጂ የመሸጫ ደጅን ሊተኩ አልቻሉም።

ሦስተኛው ጉዳት፣ ለባህል ተመራማሪ ከሁሉ የሚበልጠው፣ የጉርብትና ማኅበር መበተን ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ተረት በአዲስ አበባ ተቋም ሆኖ የታየው በዕድር ነው። ዕድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ድስት ያቀርባል፣ ለሐዘንተኛው ገንዘብ ይሰጣል፣ አባላቱንም ለቀብርና ለለቅሶ ያሰልፋል። አባል የሚሆነው ሰው በየወሩ መዋጮውን ይከፍላል፤ የዕድሩ እውነተኛ ዋስትና ግን ገንዘቡ ሳይሆን ሰዎቹ በጡሩምባ ድምፅ ተጠርተው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊደርሱ መቻላቸው ነው። ዕድር በርቀት አይሠራም።

ስለዚህ ዳር የወጣው ሰው ከሦስት ነገሮች አንዱን ማድረግ አለበት። የመጀመሪያው በአሮጌው ዕድር መቈየት ነው። ይህን የመረጠ ሰው በየወሩ መዋጮውን ለመክፈልና ለጓደኞቹ ለቅሶ ለመድረስ ከተማ ያቋርጣል፤ ለእርሱ ሐዘን ሲሆን ደግሞ ለቀስተኛው በአውቶቡስ ይመጣል፣ አዳሪውም ይቀንሳል። ሁለተኛው በአዲሱ ስፍራ አዲስ ዕድር ማቋቋም ነው። በየሕንፃው የተመሠረቱት ዕድሮች ድንኳናቸውን በመኪና ማቆሚያው ላይ ይተክላሉ፤ አስከሬን በጠባብ ደረጃ ማውረድን፣ እንግዳን በፎቅ ማስተናገድን ቀስ በቀስ ተምረዋል። ሦስተኛው ከሁለቱም ተለይቶ መቅረት ነው። ይህ የአዛውንቶችና የድኾች ዕጣ ነው፤ ለሁለት ዕድር የሚከፍሉት የላቸውም፣ ለአዲሱም መግቢያ ብዙ ይጠየቃሉና።

ሰፈሩ በሙሉ ሲፈርስ ደግሞ ዕድሩ ራሱ ይሞታል ወይም ይበተናል። ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ድስቱንና በባንክ ያለውን ገንዘብ ማን ይውሰድ የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዓመት ተስማምተው የኖሩትን ሰዎች ያከራክራል። ከዕድሩ ጋርም የወር ማኅበሩ፣ ሰንበቴው፣ ዕቁቡና የቡናው ጥሪ ይበተናሉ። አማኙ ከደብሩና ከነፍስ አባቱ፣ ሙስሊሙም ከሚሰግድበት መስጊድና ከጀማዓው ይርቃል። ለወጣቱ ይህ ሁሉ ሊተካ የሚችል ነገር ነው፤ ለሰባ ዓመት ሽማግሌ ግን ሁለተኛ ዕድሜ ካላገኘ በቀር አይተካም።

የዳሩ ባለቤት

እስከዚህ ድረስ የተመዘነው የሚወጣው ሰው ጥቅምና ጉዳት ነው። ነገር ግን ዳሩ ላይ አስቀድሞ የሚኖር ሰው አለ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው የኦሮሞ ገበሬ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ምስር ያመርታል፤ ወተትና አትክልትም ለከተማው ያቀርባል። ከተማው ሲሰፋ ገበያው ወደ ደጁ ይቀርብለታል፤ መሬቱ ግን ከእጁ ይወጣል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 455 መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ ገበሬ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢው በዐሥር ተባዝቶ እንዲካስ ያዝ ነበር፤ ይህም በ2011 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተካ። ዐሥር ዓመት ለአንድ ገበሬ ብዙ ቢመስልም ለቤተ ሰብ ግን አጭር ነው፤ ገንዘቡ ሲያልቅ የገበሬው ልጅ በአባቱ መሬት ላይ በተሠራው ሕንፃ ዘበኛ ወይም የቀን ሠራተኛ ሆኖ መገኘቱ የታየ ነገር ነው።

ይህ ቅሬታ በዝምታ አልቀረም። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ የነበረውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን ለማቀናጀት የታሰበው ዕቅድ በ2006 ዓ.ም. እንደ ገና በ2008 ዓ.ም. ታላቅ ተቃውሞ አስነሣ፤ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ዕቅዱ በ2008 ዓ.ም. በጥር ወር ተተወ። በ2011 ዓ.ም. በየካቲት ወር ከ51,000 በላይ ለሚሆኑ ቤቶች ዕጣ ሲወጣም በኮዬ ፈጬ ቤቶች ምክንያት ክርክርና ሰልፍ ሆነ። ለዓመታት ቈጥቦ ዕጣ የደረሰው የከተማ ድኻና መሬቱን የለቀቀው ገበሬ በአንድ ሕንፃ ፊት ተቃራኒ ሆነው ቆሙ። ሁለቱም የዕቅዱ ጉድለት ተጎጂዎች እንጂ አንዱ ለሌላው በዳይ አልነበሩም።

ከዚህም ሌላ ሕግ ሳይጠብቅ ወደ ዳር የወጣ ብዙ ሕዝብ አለ። ከገበሬው መሬት በግል ውል ገዝቶ፣ ሌሊት በጨረቃ ብርሃን ሠርቶ ያደረ ስለሚባል ቤቱ የጨረቃ ቤት ተብሏል። ይህ ሰው የዕጣውን ወረፋ መጠበቅ፣ የመካከሉንም ኪራይ መክፈል ያቃተው ነው። ጥቅሙ ፈጣን፣ አደጋውም ፈጣን ነው፤ ያፈሰሰው ገንዘብ ሁሉ በአንድ ቀን ሊፈርስበት ይችላልና።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ ሲጠቃለል ወደ ከተማ ዳር መውጣት በራሱ በጎ ወይም ክፉ ነው ለማለት የሚያስችል ማስረጃ አይገኝም። ውጤቱን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው። 1ኛ፣ ሰውየው የወጣው በምርጫው ነው ወይስ በትእዛዝ? የመረጠ ሰው የሚያጣውን አስቦ ይወጣል፤ የታዘዘ ሰው ግን የሚያጣውን የሚያውቀው ካጣ በኋላ ነው። 2ኛ፣ እንጀራው አብሮት ወጥቷል ወይስ በመካከል ቀርቷል? የሃዋርድ ትምህርት ተዘንግቶ መኖሪያ ብቻውን በወጣበት ስፍራ ሁሉ መንገዱ ጥቅሙን በልቶታል። 3ኛ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ተዛውሯል ወይስ ተበትኗል? አንድ ዕድር በሙሉ ወደ አንድ ስፍራ ቢዛወር ድንኳኑ አይበተንም ነበር፤ ቤት አዳዮች ዕድርን እንደ ሕጋዊ አካል ቈጥረው አባላቱን በአንድነት ለማስፈር ቢያስቡ የሚጠይቀው ገንዘብ ጥቂት፣ የሚያድነው ኑሮ ግን ብዙ ነው። ለገበሬውም ቢሆን የአንድ ጊዜ ካሣ ከመስጠት ይልቅ በሚሠራው ከተማ ውስጥ ዘላቂ ድርሻ መስጠት ክርክሩን ያበርደው እንደ ነበረ መገመት ይቻላል።

የከተማይቱ ታሪክ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስተምራል። መርካቶ ዳር ነበር፤ ቦሌም ዳር ነበር። ከቦሌና ከየካ ዳርቻ ተከፍሎ በ2013 ዓ.ም. 11ኛው ክፍለ ከተማ የሆነው ለሚ ኩራ የዛሬው ዳር ወደ መካከልነት መንገድ መጀመሩን ያሳያል። ትምህርት ቤቱ፣ ገበያው፣ አውቶቡሱና ዕድሩ አንድ ቀን ይደርሳሉ። ስለዚህ ታጋሽ ሁኑ የሚለው ምክር በታሪክ የተደገፈ ይመስላል።

ነገር ግን የካዛንቺስ ታሪክ ይህን ምክር ያከብደዋል። ካዛንቺስ ለባዕድ መንግሥት ሠራተኞች ተሠርቶ፣ ከነጻነት በኋላ ስምንት ዐሥርት ዓመታት ሙሉ ድኻና መካከለኛ ሰው በውስጡ ዕድሩን፣ ደንበኛውንና ጉርብትናውን አቋቍሞ የከተማይቱ እምብርት አደረገው። ስፍራው እጅግ ውድ በሆነበት ሰዓት ግን ያሳደጉት ሰዎች ወደ አዲስ ዳር ወጡ። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ዳሩ መካከል ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚል አይደለም፤ መሆኑ አይቀርም። ጥያቄው የጥበቃውን ዘመን ችግር የተሸከሙት ሰዎች፣ ዳሩ መካከል በሆነ ጊዜ በቤታቸው ውስጥ ይገኛሉ ወይስ እንደ ገና ጓዛቸውን ይጭናሉ የሚል ነው። በቱሉ ዲምቱና በየካ አባዶ ለሚኖሩት የቤታቸው ሰነድ ሊሰጣቸው የሚገባው ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ይህ ዋስትና ነው።